ሳይርቅ በቅርቡ፦ ለከበደ ጆሮ ንግግርን የማጥራት መመሪያ

አዲስ አበባ፣ ሰንጋ ተራ ላይ አንዲት «ት» 63,000 ብር ታወጣለች። ከባንክ መስኮት መስታወት ወዲያ ያለችው ሠራተኛ «ሰባት ሺህ» ስትል ከመስታወቱ ወዲህ የቆመው ደንበኛ «ሰባ ሺህ» ከሰማ ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሁለቱን የለየችው በቃሉ መጨረሻ ብልጭ ብላ የምትጠፋ የትንፋሽ ፍንጣሪ ናት። ከቁጥሮቻችን ብዙዎቹ በ«ሰ» ይጀምራሉ፦ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ሰላሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። ስልሳ የሰላሳ እጥፍ ነው፤ በጆሮ ግን ሁለቱን የሚለያቸው አናባቢ ብቻ ነው። ስሙን ከሰንጋ የወረሰው ይህ ሰፈር ዛሬ የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤቶች የተደረደሩበት ሆኗል፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃም በዚሁ አካባቢ ቆሟል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ምድር ቤት ሲገቡ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት፣ ጣሪያው ሩቅ ነው። ጆሮው የከበደ ሰው እዚያ መስኮት ፊት ቆሞ የሚያሰማው ቅሬታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚሉት ግን አይለይልኝም።»

ይህ ቅሬታ ሐኪም የጻፈው ያህል ትክክል ነው፤ ችግሩ ሰሚ ማጣቱ ነው። ቤተሰብ «አይሰማም» ብሎ ይጮኻል፣ ባለጉዳዩ ቴሌቪዥኑን ይጨምራል፣ ሱቁም «ኃይለኛ» የተባለውን ማጉያ ይሸጣል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ሌላ ነው። የከበደ ጆሮ ከሁሉ በፊት የሚጎድለው ጥራት ነው፤ ጥራት ማለትም ንግግሩ በዙሪያው ካለው ጫጫታ የሚበልጥበት መጠን ነው። ይህን ብልጫ የሚሰጡን ነገሮች ደግሞ ተራ አላቸው፦ መጀመሪያ ርቀት፣ ቀጥሎ ክፍሉ፣ ቀጥሎ የተናጋሪው አነጋገር፣ ከዚያ መሣሪያው። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምርና ገንዘቡን ጨርሶ «መሣሪያ አይሠራም» ይላል። ከታች ያሉትን ሰባት ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ቢሄዱባቸው እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ሥራ ያቀልለታል።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደዚያ እንደሚሆን እንይ። በውስጥ ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሴሎች በዕድሜ፣ በጫጫታ ወይም በመድኃኒት ሲጎዱ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሄዱት ቀጭኑን ድምፅ የሚይዙት ናቸው። የንግግር ጉልበት ያለው በአናባቢዎች ውስጥ ነው፤ እነሱም በአብዛኛው ከ1,000 ኸርዝ በታች ባለው ወፍራም ድምፅ ይሸከማሉ። «ስ»፣ «ፍ»፣ «ት» እና «ክ» ግን ደካማና ቀጭን ናቸው፤ ጉልበታቸው ከ2,000 ኸርዝ በላይ፣ የ«ስ» ደግሞ ከ4,000 በላይ ነው። ስለዚህ ጆሮው የንግግሩን ዜማ ይይዝና ቃሉን ይጥላል። በዚያ ላይ የተጎዳ ጆሮ የሚችለው ክልል ይጠባል፦ ዝግ ያለው አይሰማውም፣ ከፍ ያለው ያመዋል፣ በመካከሉ የቀረው ቦታ ጥቂት ነው። አባት «ምን አልክ?» ብለው ልጃቸው ሲደግምላቸው «ምን ያስጮኽሃል!» ብለው የሚቆጡት ለዚህ ነው። በጫጫታ ውስጥ ደግሞ ጤነኛ ጆሮ ጫጫታው ከንግግሩ ትንሽ ቢበልጥም ዓረፍተ ነገሩን ይከተላል፤ ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ያለበት ጆሮ ያንኑ ያህል ለመረዳት ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል ያህል ተጨማሪ ብልጫ ይፈልጋል፤ ጉዳቱ ከከፋ ከዚያም በላይ። እንግዲህ ሥራችን እነዚያን ዴሲቤሎች መፈለግ ነው።

1. አስቀድመው ይመርመሩ

የመስማት ችግር ሁሉ በመሣሪያ የሚፈታ አይደለም። የደረቀ ኩክ እንደ ቡሽ የጆሮን ቀዳዳ ሊዘጋ ይችላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመግል የኖረ ጆሮ ታምቡሩ ተቀዶ ሊገኝ ይችላል፤ ሁለቱም በሐኪም እጅ የሚታከሙ ናቸው። ከሰንጋ ተራ ብዙም የማይርቀው ጥቁር አንበሳም ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከአንገት በላይ ሕክምና ክፍል አላቸው። ሲሄዱ የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ስም ይያዙ፤ እንደ ጀንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መርፌዎች የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። በክብሪት እንጨት፣ በቁልፍ ወይም በጥጥ መጥረጊያ መጎርጎር ኩኩን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋልና ይተዉት። አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፦ መስማት በድንገት፣ በአንድ ሌሊት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ፣ በተለይ በአንድ ጆሮ በኩል ከወረደ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይድረሱ፤ ሕክምናው ዋጋ የሚኖረው ቶሎ ሲጀመር ነው።

ከምርመራው በኋላ የኦዲዮግራሙን፣ ማለትም የመስማት መለኪያ ወረቀቱን፣ ቅጂ ጠይቀው ይውሰዱ። ወረቀቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው ቁጥር ከ250 እስከ 8,000 ኸርዝ ሲሆን ከወፍራም ድምፅ ወደ ቀጭን ያመራል፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ ድምፁ እንዲሰማዎት ስንት ዴሲቤል እንዳስፈለገ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት አማካዩ ከ20 ዴሲቤል በታች ከሆነ ደህና፣ ከ20 እስከ 35 ቀላል፣ ከ35 እስከ 50 መካከለኛ ይባላል፤ ከዚያ በላይ እየከበደ ይሄዳል። አማካዩ ግን ቅርፁን ይሸፍናል። መስመሩ በግራ በኩል ሜዳ ሆኖ በቀኝ በኩል ቁልቁለት ከወረደ የእርስዎ ችግር ተነባቢዎቹ ናቸው ማለት ነው፤ ማንም «ቀላል ነው» ቢልዎት ያ ቁልቁለት በጫጫታ ውስጥ ቀላል አይሆንም።

2. በቤትዎ በአማርኛ ቃላት ይለኩ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በመስማት ጉዳይ ላይ ይህ አባባል እንደ ቃሉ ይፈጸማል። መስማት የሚቀንሰው ቀስ ብሎ ስለሆነ ባለቤቱ የመጨረሻው አዋቂ ይሆናል፤ «ሰው ሁሉ ያጉተመትማል» ማለት ሲጀምር ጎረቤቱ ካወቀ ቆይቷል። ስለዚህ በስሜት ሳይሆን በቁጥር ይለኩ። በስምንት ቁራጭ ወረቀት ላይ እነዚህን አራት ጥንዶች ይጻፉ፦ ፈራ እና ሠራ፣ ሰማ እና ሸማ፣ መታ እና መጣ፣ ከሰረ እና ቀሰረ። እያንዳንዱ ጥንድ የሚለየው በአንድ ተነባቢ ብቻ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ትንፋሽ ታምቆ የሚፈነዳባቸውን «ጥ»ን እና «ቅ»ን ከለስላሳ ጓደኞቻቸው ጋር ያፎካክራሉ። አንባቢው አንድ ሜትር ላይ ይቀመጥ፤ ከንፈሩ እንዳይታይ ወረቀት ከአፉ አንድ ጋት አርቆ ይያዝ፤ በተለመደ ድምፁ ቃላቱን እያቀላቀለ 20 ጊዜ ይጥራ። እርስዎ የሰሙትን በጣትዎ ያሳዩ።

ከ20 ውስጥ 10 ማግኘት ምንም እንዳልሰሙ ይቁጠሩት፤ ከሁለት አንዱን በግምት የሚመርጥ ሰውም ያን ያህል ያገኛል። ቀጥለው ሬዲዮ ከፍተው ይድገሙት፤ ከዚያ አንባቢው ሦስት ሜትር ርቆ ይድገመው። አራቱን ውጤቶች በቀን ይመዝግቡ፦ ቅርብ በጸጥታ፣ ቅርብ በሬዲዮ፣ ሩቅ በጸጥታ፣ ሩቅ በሬዲዮ። ቅርብ በጸጥታ 18 አግኝተው በሬዲዮ ወደ 12 ከወረዱ ከደረጃ 3 እስከ 5 ያሉት ብዙውን ነገር ይመልሱልዎታል። ቅርብ በጸጥታም 12 ከሆኑ ግን ተነባቢዎቹ ጨርሰው አይደርስዎትም ማለት ነው፤ ደረጃ 6 የግድ ነው። ይህ የቤት መለኪያ የሐኪሙን ምርመራ አይተካም፤ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ የሚያደርጉት ለውጥ ሁሉ በእርግጥ እንደረዳዎት ለማወቅ ነው። አንድ ለውጥ በአንድ ጊዜ ያድርጉና ደግመው ይለኩ።

3. ርቀቱን ይቁረጡ

በክፍት ቦታ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚደርስዎት ንግግር በ6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ጫጫታው ግን ባለበት ይቀራል። ሁለት ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ አንድ ሜትር ቢጠጋ 6፣ ወደ ግማሽ ሜትር ቢጠጋ ደግሞ ሌላ 6፣ በድምሩ 12 ዴሲቤል ብልጫ ይገኛል። አሁን ይህን ከመሣሪያ ጋር ያስተያዩት፦ የጥሩ መስሚያ መሣሪያ አቅጣጫ መራጭ ማይክ፣ ማለትም ከፊት የሚመጣውን ተቀብሎ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን የሚቀንሰው፣ በተመቸ ሁኔታ የሚሰጠው ከ3 እስከ 5 ዴሲቤል ያህል ነው። ወንበር መሳብ በብዙ ገንዘብ የተገዛን ማይክ ይበልጣል ማለት ነው። አንዲት ዴሲቤል ምን ታደርጋለች እንዳይሉ፤ መረዳትና አለመረዳት በሚዋሰኑበት ቦታ ላይ አንድ ዴሲቤል ብቻ ከመቶ አሥር ያህል ቃላት ልትመልስ ትችላለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው መመሪያ ቦታ መምረጥ ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ ካፌ ሲገቡ ከማኪያቶ ማሽኑና ከበሩ ራቅ ያለ ጥግ ይምረጡ፤ ጀርባዎን ለጫጫታው፣ ፊትዎን ለሚያነጋግርዎት ሰው ይስጡ። ከስድስት ሰው ጋር በረጅም ጠረጴዛ ከመቀመጥ ከሁለት ሰው ጋር በትንሽ ጠረጴዛ ይሻላል። አንዱ ጆሮ ከሌላው የሚሻል ከሆነ ደህናው ጆሮ ወደ ተናጋሪው እንዲሆን ይቀመጡ። በእድር ስብሰባ ወይም በድንኳን ውስጥ ሰው በትሕትና ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እርስዎ ግን ከፊት ይቀመጡ፤ ፊተኛው ወንበር ለእርስዎ የክብር ጉዳይ ሳይሆን የመስማት ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ቲያትር ቢገቡም የተዋናዮቹ ፊት በግልጽ የሚታይበትን የፊት መሐል ቦታ ከሞንታርቦው ሥር ካለው ቦታ ያስበልጡ። «ሰው ላይ መጠጋት ነውር ነው» የሚል ይኖራል። ነውሩ ያለ ማብራሪያ ሲጠጉ ነው፤ «ጆሮዬ ትንሽ ከብዷልና ልጠጋዎት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ሰዓት «አቤት?» እያሉ ከማሳለፍ ይልቅ ሁለቱንም ወገን ያስከብራል።

4. ክፍሉን ያለዝቡ

በሄዱበት ሁሉ መቅረብ አይቻልም፤ የቀረውን ክፍሉ ይወስነዋል። ሴራሚክ፣ መስታወትና ባዶ የብሎኬት ግድግዳ ድምፅን ይመልሳሉ፤ የቀደመው ፊደል አስተጋብቶ የሚቀጥለውን ይሸፍነዋል። ይህ በአማርኛ ላይ የተለየ ጉዳት አለው። «ልጁ ይበላል» እና «እንጀራው ይበላል» ውስጥ ያሉት ሁለቱ ግሦች በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው መላላትና መጥበቅ ብቻ ነው። የጠበቀ «ብ» ማለት ከንፈር ጥቂት ረዘም ላለ ጊዜ ተዘግቶ ድምፁ የሚታፈንባት ቅጽበት ናት። የመስማት ጉዳት ያለበት ሰው ይህችን ርዝመት ብዙውን ጊዜ ይይዛታል፣ የጊዜ ጉዳይ እንጂ የቀጭን ድምፅ ጉዳይ አይደለችምና። የሚያጠፋት ማስተጋባት ነው፤ ያቺን ጸጥታ በአናባቢ ጅራት ይሞላታል። ስለዚህ በሚያስተጋባ ክፍል የሚጠፋው ፊደል ብቻ ሳይሆን ሰዋስውም ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። አዲስ የገቡበት ኮንዶሚኒየም ሳሎን ባዶ ሆኖ ሲያስተጋባ ወፍራም ምንጣፍ፣ እስከ ወለል የሚደርስ መጋረጃ፣ በጨርቅ የተለበጠ ሶፋና በግድግዳው ላይ የተደረደረ የመጻሕፍት መደርደሪያ ክፍሉን ያለዝቡታል። በሳሎኑ መሐል ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ጅራት ካለው ገና ነው፣ ጠብ ብሎ ከቀረ ደርሷል። ቀጥሎ የጫጫታውን ምንጭ ይቁጠሩ፦ ፍሪጅ፣ በሩቅ የሚሰማ ጀነሬተር፣ ማንም የማያየው ክፍት ቴሌቪዥን። በጨዋታ ሰዓት ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ከማንኛውም የጫጫታ ማጣሪያ ይሻላል፤ ማጣሪያ የሚሠራው ከተደባለቀ በኋላ ነው፣ ማጥፋት ግን ከመደባለቁ በፊት ነው። በመጨረሻም ብርሃን፦ የተናጋሪውን ፊት ወደ መስኮቱ ያዙሩት። ሰምቢና ፖላክ በ1954 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በጫጫታ ውስጥ የተናጋሪን ፊት ማየት እስከ 15 ዴሲቤል ብልጫ የሚያህል ዋጋ እንዳለው አሳይቷል። ከጨለማ ጥግ የሚናገር ሰው እርስዎን ሁለት ጊዜ ያደነቁርዎታል።

5. ተናጋሪውን ያሠልጥኑ

መጮኽ ለምን አይረዳም? ስንጮኽ የሚጨምረው የአናባቢው ጉልበት ነው፤ «ስ» እና «ፍ» የትንፋሽ ልጆች ስለሆኑ ያን ያህል አያድጉም። ስለዚህ ጩኸት ድሮም የሚሰማውን አጉልቶ ድሮም የማይሰማውን ይሸፍናል፣ ጠባቡን ክልል ያልፍና ያሳምማል፣ ፊትንም ያስቆጣል። በአንጻሩ ፒቸኒ፣ ደርላክና ብራይዳ በ1985 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሙከራ እንዳሳየው የመስማት ጉዳት ያለባቸው ሰዎች አጥርቶ ከሚናገር ሰው የተረዱት ከተለመደው አነጋገር በ17 መቶኛ ነጥብ ይበልጥ ነበር፤ ያውም ሁለቱ ንግግሮች በእኩል ጉልበት ሲቀርቡ። ማጥራት ማለት ዝግ ማለት፣ በሐረጎች መካከል ትንፋሽ መውሰድና የቃሉን መጨረሻ አለመዋጥ ነው።

የቤት ሰውን በሦስት ነገር ያስለምዱ። አንደኛ፣ ንግግሩን ከመጀመሩ በፊት ስምዎን ይጥራና ፊትዎ እስኪዞር ይጠብቅ፤ ከማዕድ ቤት የተጣራ ዓረፍተ ነገር ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ወሬውን በርእስ ይጀምር፦ «ስለ ኪራዩ ልንገርህ» ማለት አእምሮ ሊጠብቃቸው የሚችሉትን ቃላት ያጠብለታል። ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ካልገባ በሌላ ቃል ይበለው፤ የማይሰማ ቃል አምስት ጊዜ ቢደገም ያው የማይሰማ ቃል ነው። ለእርስዎ ለራስዎ ደግሞ አንድ ግዴታ አለ፦ «ምን?» ብለው አይጠይቁ፤ «ስንት ሰዓት አልከኝ?» ይበሉ። የሰሙትን አስቀርተው የጎደለውን ብቻ ከጠየቁ ተናጋሪው የሚደግመው አንድ ቃል ብቻ ይሆናል፤ ትዕግሥቱም አያልቅም።

6. መሣሪያውን ከመግዛት ይልቅ ያስለኩት

ከላይ ያሉት ሁሉ ተደርገው ቀጫጭኑ ድምፅ ካልደረሰ መስሚያ መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው ከማጉያ የሚለየው ሁሉን በእኩል ባለማጉላቱ ነው። ድምፁን በብዙ ክፍል ይቆርጠዋል፤ በኦዲዮግራምዎ ቁልቁለት ላይ ያለውን ብዙ፣ ሜዳው ላይ ያለውን ጥቂት ያነሣል፤ ዝግ ያለውን አጉልቶ ከፍ ያለውን ገደብ ያበጅለታል፤ ሰፊውን የንግግር ክልል በቀረልዎት ጠባብ ክልል ውስጥ ያጥፈዋል። ኦዲዮግራም ሳያይ በመደርደሪያ ላይ የተገኘ ርካሽ ማጉያ ይህን አያደርግም፤ ድሮም የሚሰሙትን ወፍራም ድምፅ ሊያጎላና ገደብ ከሌለው የቀረውን መስማት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የሚከፍሉት ለዕቃው ብቻ አይደለም፣ ለልኩም ነው። ባለሙያውን እነዚህን ይጠይቁ፦ በኦዲዮግራሜ መሠረት ነው የተስተካከለው? ታምቡሬ አጠገብ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ለክተውታል? ከሁለትና ከአራት ሳምንት በኋላ ስመለስ ያስተካክሉልኛል? ባትሪውና የኩክ ማጣሪያው ሲያልቅ የት አገኛለሁ? ከዚያ የቤትዎን ስምንት ቃላት ይዘው ይሂዱና እዚያው ይፈተኑ።

«መሣሪያው የተሠራው ለፈረንጅ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ አይገባውም» የሚለው ተቃውሞ መልስ ይገባዋል። መስሚያ መሣሪያዎችን ለመለካት በዓለም ላይ የሚሠራበት አንድ የሙከራ ድምፅ አለ፤ የተቀመመው ከስድስት ሴቶች ንግግር ሲሆን ቋንቋዎቹ እንግሊዝኛ፣ ዓረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ስፓኒሽ ናቸው። አማርኛ የለበትም። ነገር ግን ዴኒስ በርንና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. ደርዘን ያህል ቋንቋዎችን ሲያነጻጽሩ የንግግር ጉልበት ከወፍራም እስከ ቀጭን የሚከፋፈልበት አማካይ ቅርፅ ከቋንቋ ቋንቋ በጣም ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል፤ የሰው ጉሮሮና አፍ አንድ ዓይነት ነውና። ስለዚህ መሣሪያው በኦዲዮግራሙ መሠረት የሚስተካከልበት ቀመር ለአማርኛም መነሻ ይሆናል። በሰፊው ከሚሠራባቸው ቀመሮች አንዱ፣ የአውስትራሊያው፣ ተጠቃሚው በዜማ ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ይናገር እንደሆነ ይጠይቃል፤ አማርኛ እንደዚያ ስላልሆነ ምርጫው በትክክል መሞላቱን ያረጋግጡ። ከመነሻው በኋላ ያለው ማስተካከያ ግን የእርስዎ ነው፦ «መታ እና መጣ አሁንም አይለዩልኝም» ብሎ የሚመለስ ሰው «ጥሩ አይደለም» ብሎ ከሚመለስ ሰው ይልቅ ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስቸግራሉ። ለዓመታት ያልሰሙት የወረቀት ኮሽታ፣ የሳህን ግጭትና የራስዎ ድምፅ ይረብሽዎታል፤ አእምሮ የትኛውን ችላ እንደሚል እንደገና መማር አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር፣ በሁለተኛው በቤተሰብ መሐል፣ በሦስተኛው ወደ ካፌና ወደ ታክሲ ይውጡ። ሌሊት ባትሪ ቤቱን ከፍተው በደረቅ ዕቃ ውስጥ ያሳድሩት፤ የክረምት እርጥበት ጠላቱ ነው። ክብ የአየር ባትሪዎቹ መለያቸው ቀለም ነው፦ ቡናማው 312፣ ብርቱካናማው 13፣ ሰማያዊው 675 ነው፤ ተለጣፊው አንዴ ከተላጠ ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም ያልቃልና ሳያስፈልግ አይላጡ። «ሰው ምን ይለኛል?» ለሚለው ደግሞ መልሱ ይህ ነው፦ ከጆሮ ጀርባ ያለችውን ዕቃ የሚያያት ጥቂት ሰው ነው፤ ለተጠየቁት ጥያቄ ሌላ መልስ ሲመልሱ ግን ሁሉም ያያል። መነጽር ያደረገ ሰው ዓይነ ደካማ ተብሎ አይሰደብም፤ ጆሮም ከዓይን የተለየ ኃጢአት የለበትም።

7. ማይኩን ወደ አፍ ያቅርቡ

ወንበር መሳብ በማይቻልበት ቦታ፣ ለምሳሌ በክፍል፣ በስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ የሚቀርበው ሰውየው ሳይሆን ማይኩ ነው። በተናጋሪው ደረት ላይ የተሰካ ማይክ ድምፁን ከአፉ አንድ ስንዝር ላይ ይይዝና በቀጥታ ወደ ጆሮዎ ይልከዋል፤ ጫጫታውንም ማስተጋባቱንም ይዘላቸዋል። የሚሰጠው ብልጫ ከ10 ዴሲቤል አልፎ እስከ 20 ሊደርስ ይችላል። ብዙ መስሚያ መሣሪያዎች የራሳቸው ማይክ አላቸው። ያ ከሌለ ስልክዎን ይሞክሩ፦ በአንድሮይድ ላይ «ሳውንድ አምፕሊፋየር»፣ በአይፎን ላይ «ላይቭ ሊስን» የተባሉት የስልኩን ማይክ ወደ ማዳመጫዎ ያገናኙታል። ስልኩ በኪስዎ ሳይሆን በተናጋሪው ፊት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ ኪስዎ ውስጥ ያለ ማይክ ከጆሮዎ እኩል የራቀ ነው። ድምፁ ከከንፈሩ ዘግይቶ ከደረሰ፣ ስልክዎ የሚቀበል ከሆነ፣ በሽቦ ማዳመጫ ይሞክሩት። የስልክ ጥሪ ሲሆን ደግሞ የተለመደው መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋልና «ስ» እና «ፍ» ለጤነኛ ጆሮም ይምታታሉ፤ ኔትወርኩ ደህና ከሆነ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ጥሪ ሰፋ ያለ ድምፅ ያሳልፋል፤ የድምፅ መልእክት ደግሞ ደጋግሞ ማድመጥ ይቻላል። የጎግል የድምፅ ጽሕፈት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን ስለሚቀበል ንግግርን ወደ ጽሑፍ አዙሮ ማንበብም አንድ መንገድ ነው፤ ይሳሳታልና ቁጥርና ስም በእሱ ብቻ አይመኑ።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል፤ ጫጫታውን እሱ ያጠራዋል፤ ለምን ወንበር እንጎትታለን?» የሚለው የዘመኑ ተቃውሞ ነው፤ መሠረትም አለው። ለአሥርት ዓመታት በአንድ ማይክ የሚሠሩ የጫጫታ ማጣሪያዎች ድካምን ቢቀንሱም መረዳትን አይጨምሩም ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እነ ኤሪክ ሂሊና ደሊያንግ ዋንግ በነርቭ መረብ ያጠሩት ንግግር ለተጎዳ ጆሮ መረዳትን ሲጨምር አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ ያው ዘዴ ወደ መስሚያ መሣሪያዎች ገብቷል። ሦስት ወሰኖች ግን አሉት። መሣሪያው ለማሰብ ያለው ጊዜ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ከ10 ገደማ ካለፈ የራስዎ ድምፅ ማስተጋባት ይጀምራል። ባትሪው ጥፍር አይሞላም። ከሁሉ በላይ ማጣሪያ ማይኩ ያልያዘውን አይፈጥርም፦ ከአዳራሹ ማዶ የመጣ «ት» በሴራሚክ ላይ ተንከባሎ ካለቀ ማንም ቀመር ትክክለኛውን ፊደል አይመልስም፤ ሊገምት ይችላል እንጂ። ስለዚህ አዲሱ ጥበብ የቀድሞዎቹን ስድስት ደረጃዎች አይሽርም፤ ቀርቦ የተያዘ ድምፅ ሲያገኝ እሱም ይበልጥ ይሠራል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው ምክር ለሰውም ለማይክም አንድ ነው።

አሁን ወደዚያ መስኮት ይመለሱ። ወረፋዎ ሲደርስ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ይቁሙ እንጂ ከጎኑ አይሁኑ፤ የሠራተኛዋ ፊት እንዲታይዎት የመስታወቱን ነጸብራቅ አንድ እርምጃ ይሽሹት። «ጆሮዬ ከብዷል፣ ዝግ ብለሽ ንገሪኝ» ይበሉ። ቁጥሩን ስትነግርዎት በአንድ ትንፋሽ አይቀበሏት፤ አኃዝ በአኃዝ ይድገሙላት፦ «ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው?» «ሰባ» እና «ሰባት» በጆሮ ይምታታሉ፤ ስንት ዜሮ እንደተከተላቸው ግን በጣት ይቆጠራል። ከዚያ በወረቀት ላይ እንድትጽፍልዎት ይጠይቁ፣ አይተው ይፈርሙ።